በሁዳዴ የተቀዳው ድምፅሽ

አስካልዬ፣

ሰላም ለነፍስሽ ይሁን። በሰሙነ ሕማማት ከተለየሽኝ ወዲህ ክረምቱ መጥቶ ሄደ፤ መስቀልም ጥምቀትም አለፉ፤ አሁን ደግሞ ሌላው ሁዳዴ ደጅ ላይ ቆሟል። እስከዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም፤ ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ ነበር። አልበረደም። በቃ፣ እንደሞቀ ተቀበይው።

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ፣ «አባ፣ በሞተ ሰው መቆጣት ኃጢአት ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በሕይወት ሳለች ስትቆጣት ምን ታደርግ ነበር?» አሉኝ። «እነግራት ነበር» አልኳቸው። «እንግዲያ ዛሬስ ማን ከለከለህ?» አሉና መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ። ይኸው እየነገርኩሽ ነው። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ታውቂያለሽ፤ ጽሑፌ ቢጎረብጥሽ ቻይው። እኔም ብዙ ነገር ችያለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ሰናይት ደህና ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሏ ጋር ትመጣና ቤቱን ገልብጣ አጽድታ፣ እኔ አንድም ዕቃ የማላገኝበት አድርጋው ትሄዳለች። አጥራችን ለመንገዱ ሲባል ወደ ውስጥ ገብቷል። የጌሾ ተክልሽ አብሮ ሄደ። አሁን መንገዱ መስኮታችን ሥር ነው፤ የታክሲ ረዳቱ «ዊንጌት! ዊንጌት!» ሲል እኔን በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኛል። ልብሶችሽን ሰናይት ለነዳያን ሰጠች። ነጠላሽን ግን ከበር ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ልታወርድ ስትል ተጣላኋት። «አባዬ፣ ነጠላ እኮ ነው» አለችኝ። አዎ፣ ነጠላ ነው። ይቀመጥ። ከበሮውን ደግሞ በአንሶላ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ጎን አቁሜው ነበር። ከቀብርሽ ወዲህ ለጽዋ ማኅበሩም ለማንም አልመታሁም። «ከበሮው የት አለ?» ሲሉኝ «ቆዳው ላልቷል» እላቸዋለሁ። ውሸት ነው። ቆዳው አልላላም።

እኔ ከበሮ በጆሮዬ አልመታም፤ ይህን ከአንቺ በቀር ማንም አያውቅም። በዓይኔ ነው የምመታው። አንቺ ከፊት ቆመሽ መዝሙር ስታወጪ ትከሻሽን አያለሁ። ትከሻሽ ከፍ ሲል ትንፋሽ ልትወስጂ ነው፤ ዝቅ ሲል ልትገቢ ነው፤ እጄም ከዚያ ጋር ይወርዳል። በወይዘሮ ብርሃኔ ቤት የጽዋው ተራ የደረሰ ቀን ትዝ ይልሻል? ያ ወፍራሙ አማቻቸው ዳቦ ተሸክሞ መጥቶ በመሀላችን ቆመ። ምቱ ጠፋኝ። አንቺ መዝሙሩን አቋርጠሽ፣ ዞር ሳትዪ፣ «ወንድሜ፣ ከእኔና ከከበሮው መሀል ውጣልኝ» አልሽው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ዳቦውን እንደያዘ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ስቱዲዮ የሚሉት ነገር ሲመጣ ያን ቀን ረሳሽው?

እሱን ነው የምቆጣሽ። አሁን ወደ እሱ ልምጣ።

የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ መኩሪያ፣ አንቺ ያወጣሽው የኪዳነ ምሕረት መዝሙር ይቀዳ ብለው የተነሡት ሁዳዴ በገባ ሰሞን ነበር። ከጎሚስታ ቤቴ በላይ ያለው ስቱዲዮ በጾም ዘፋኝ ስለማይመጣበት ክፍት ነበረ። ባለቤቱ ቢኒያም፣ ጢሙ በዝቶ ጸጉሩ የሳሳው ሰውዬ፣ የመኪናውን ጎማ እኔ ዘንድ ስለሚያስነፋ ፈቃደኛ ሆነ። የመጀመሪያውን ቀን አይተሽው ስትመለሺ ፊትሽ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። ጫማሽን ሳታወልቂ፣ «ስማኝማ አንተ ሰው፣ አብረን አንዘምርም እኮ!» አልሽኝ።

ከዚያ አስረዳሽኝ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው እየገባ ይዘምራል፤ ድምፁ ለብቻው በራሱ መስመር ላይ ይቀመጣል፤ መስመሩ ትራክ ይባላል። ኮምፒውተሩ ላይ ትራኮቹ እንደ ጥለት አንዱ ከአንዱ ሥር ተሰድረው ይታያሉ። አንዱን ዝም ማሰኘት ይቻላል። ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኝቶ አንዱን ብቻ ማዳመጥም ይቻላል፤ እሱን ሶሎ ይሉታል። የተሳሳተ ሰው የራሱን ብቻ ይደግማል እንጂ የሌላውን አያበላሽም። አንዱ ዛሬ፣ ሌላው የዛሬ ወር ቢመጣም ማሽኑ አገጣጥሞ አብረው የቆሙ ያስመስላቸዋል። ይህን ሁሉ ስትነግሪኝ እጅሽ በአየር ላይ መስመር ይሠራ ነበር።

«እንግዲያ ነገ ከበሮዬን ይዤ ልውጣና አብረን እንቅዳ» አልኩሽ። «ሁዳዴ ነው!» አልሽኝ። ስቱዲዮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ጎማ ቤት ላይ ያለ ክፍል ነው አልኩሽ። «ማይክ ፊትም ቢሆን ጾም ጾም ነው» አልሽ። «በመቅደሱ ከበሮው ዝም ብሎ፣ ጸናጽሉ ዝም ብሎ፣ አንተ ጎማ ቤት ላይ ልትደበድብ?» አልሽኝ። ልክ ነበርሽ፤ ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ደረትሽን ሲያፍንሽ፣ ደረጃ እንኳ እጅሽን ካልያዝኩሽ መውጣት ሲያቅትሽ አያለሁ። ልቤ ሌላ ነገር ይለኝ ነበር። አንቺ ሳቅ ብለሽ፣ «ፋሲካ ይምጣ። ለከበሮ ለብቻው ትራክ አለው። ባዶውን ይጠብቅሃል» አልሽኝ።

ይጠብቅሃል። ይህችን ቃል ነው ይቅር ያላልኩሽ።

የቀረጻው ቀን አንቺ ላይ ነበርሽ፣ እኔ ታች። ቢኒያም ሰው ልኮ፣ «የጎማው ኮምፕረሰር በማይኩ ይገባብናል፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ አጥፉልን» አለ። አጠፋሁት። ጎማ የያዙ ሰዎች ተሰለፉብኝ። አንዱ የታክሲ ሹፌር፣ «አባት፣ ጎማዬን ሊነፉልኝ ነው ወይስ ሊቀድሱልኝ?» አለ። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ድምፅሽ አይሰማም፤ ግድግዳውን በስፖንጅ ሸፍነውታል። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንዲት ቃል ሳልሰማ ተቀምጬ ጠበቅኩሽ። ይህን ያዢልኝ።

ከዚያ ሆሳዕና መጣ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ፣ በሕማማቱ ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱት ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ ተደረገ። በየዓመቱ እንሰማዋለን፤ ለማን እንደሚደረግ ማን አስቦ ያውቃል? አንቺ ግድግዳውን ተደግፈሽ፣ የዘንባባ ቀለበትሽን በጣትሽ እያዞርሽ «አሜን» ትዪ ነበር። ለራስሽ ነበር አሜን የምትዪው። ማክሰኞ ጠዋት ሄድሽ። ካህናቱ መጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ፍትሐቷ ተደርጓል፤ ራሷ ባለችበት ተደርጓል» አሉኝ። ከበሮ የለ፣ ዜማ የለ፤ በደረቁ ቁስቋም ወስደን ቀበርንሽ።

እግዚአብሔርን አላማርርም፤ አልደፍርም። አንቺን ግን እደፍራለሁ። ፍትሐትሽ ቀድሞ ተደረገ። ድምፅሽም ቀድሞ ተቀዳ። ሁሉን ነገር በየመስመሩ አስቀምጠሽ፣ እኔን «ፋሲካ ይምጣ» ብለሽኝ ሄድሽ። ፋሲካ መጣ እኮ፣ አስካልዬ! መጣ፤ ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ያን ከበሮ በአንሶላ ስጠቀልል ነበርኩ።

እንዲህ ነው የቆየሁት። ተቀባዮቹ፣ እነ ወይዘሮ ብርሃኔ፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እየተራ ገብተው በአንቺ ድምፅ ላይ ድምፃቸውን አስቀመጡ። እያለቀሱ እንደነበር ቢኒያም ነግሮኛል። የቀረው ከበሮው ብቻ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጋሽ መኩሪያ ጎሚስታ ቤት ድረስ መጡ። «ተክሌ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ይለቅ። ከገባ ደግሞ ከበሮ አይመታ፣ ሌላ ዓመት ልንቆም ነው?» አሉኝ። ቆዳው ላልቷል አልኳቸው። «የቱ ቆዳ? የከበሮው ወይስ ያንተ?» አሉኝ። አንሶላውን ፈታሁት።

ስቱዲዮው ገብቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። አንቺን ከመስማቴ በፊት አንድ ነገር ጣ፣ ጣ፣ ጣ ይላል። ክሊክ ይባላል፤ ሁሉም ሰው በየቀኑ እየመጣ ቢቀዳም ፍጥነቱ እንዳይለያይ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ምት ነው። ከዚያ አንቺ መጣሽ። ድምፅሽ እዚያው፣ ከጆሮዬ ውስጥ። ከሞትሽ ወዲህ ያን ጊዜ ነው የሰማሁሽ። ከበሮውን መታሁ።

«ጋሼ፣ ከክሊኩ እየቀደሙ ነው» አለኝ ቢኒያም።

«ክሊኩ ነው የዘገየው» አልኩት።

ሳቀ። እንደገና ጀመርን። ከክሊኩ ጋር እንደምንም ታረቅኩ፤ ካንቺ ጋር ግን አልተገጣጠምኩም። ስንኙ ሲያልቅ አንቺ ዝም ትዪና ከበሮው ብቻውን አንድ ዙር ይዞራል አይደል? ሴቶቹ ወዝወዝ የሚሉበት፣ አንቺም ትንፋሽ የምትወስጂበት። ያንን ልዞር ስጀምር አንቺ ገብተሻል! ገና እጄ ሳይመለስ ሁለተኛውን ስንኝ ጀምረሻል። ደገምን፤ ያው ነው። አሁንም ደገምን። ሁሌም ከላዬ ላይ ትገቢብኛለሽ። በሕይወትሽ አንድ ቀን እንኳ ከከበሮው በላይ ገብተሽ አታውቂም። እልህ ያዘኝ። እዚያው ማይኩ ፊት ጮክ ብዬ፣ «ሞተሽም ትቸኩያለሽ?» አልኩ። ቢኒያም ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አወረደ። ያን ያልኩት ተቀድቷል፤ እንዲያጠፋው ለምኜዋለሁ።

ቢኒያም ክፉ ሰው አይደለም። ከልቡ ሊያግዘኝ ፈልጎ፣ «ጋሼ፣ ራስዎን አያድክሙ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተዘጋጀ ከበሮ አለ» አለኝ። አስማኝ። ሳምፕል ይሉታል፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ የመታውን ይዘው፣ ኮምፒውተሩ በፈለጉት ቦታ ይደጋግመዋል። «የማን ከበሮ ነው?» አልኩት። «አላውቅም፤ ከኢንተርኔት ነው» አለኝ። በደንብ ይመታል። እንደ ሰዓት ነው። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሰው ከሚስቴ ጋር ሊዘምር ማለት ነው። ቢኒያም ቀጠለና፣ የአንቺም ድምፅ አልፎ አልፎ ከክሊኩ ስለሚወጣ ሳብ ሰብሰብ አድርጎ ልክ እንደሚያስገባው ነገረኝ።

«እሷ ላስቲክ ናት?» አልኩት። «እኔ ነኝ ላስቲክ የምስብ። አንተ ሰው ትስባለህ?»

ጋሽ መኩሪያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። «ምን አለበት? ዋናው ማለቁ ነው» አሉ። ከዚያ በማኅበር ሰብሳቢነት ድምፃቸው፣ «ተክሌ፣ መዝሙሩ የማኅበሩ ነው። እስከ ቅዳሜ ከመታህ መታህ፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ይምታው» አሉኝ።

ከበሮዬን ተሸክሜ ወረድኩ። እስከ ቅዳሜ ያለውን ጊዜ ጎማ ስለጥፍ፣ ስነፋ፣ ከሰው ስጣላ አሳለፍኩት። ራሴንም ጠየቅኩ፤ መቼም ለራስ መዋሸት ከባድ ነው። የተቆጣሁት ለአንቺ ድምፅ አዝኜ ነው ወይስ እጄ ስላረጀ? ያ ኮምፒውተር ከኔ በተሻለ ቢመታስ? ምናልባት እጄ መቼም ልክ አልነበረም ይሆናል፤ አንቺ እየጠበቅሽኝ፣ እያስተካከልሽልኝ ልክ ስታስመስዪኝ ኖረሽ ይሆናል። ይህን ሳስብ ባሰብኝ። እንዲያ ከሆነ አሁን ለምን አልጠበቅሽኝም?

ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ። ለቢኒያም፣ «ሁሉንም ዝም አሰኝልኝ። ክሊኩንም፣ ሴቶቹንም። እሷን ብቻ» አልኩት። ሶሎ አደረገልኝ። ማዳመጫውን አልፈለግኩም፤ በትልቁ ድምፅ ማጉያ አስከፈትኩትና ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ። ወዲያው ሁለተኛው ተጀመረ።

«አቁመው» አልኩት። «የት አለ?»

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ከበሮው ብቻውን የሚዞርበት። ዝም የምትልበት።»

«እህ... እሱማ ምንም የለበትም ነበር እኮ» አለኝ። «ረጅም ዝምታ ነው። ሰው እንዳይሰለች ቆርጬ አስጠግቼዋለሁ። ተቀባዮቹም የገቡት ከዚያ በኋላ ነው።»

አስካልዬ፣ የዚያን ጊዜ ያልኩትን አልጽፍልሽም፤ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ብቻ ጠረጴዛውን መታሁት። አንቺን ነበር ስቆጣ የከረምኩት! «ቸኮለች» ብዬ፣ «አልጠበቀችኝም» ብዬ! አንቺ ስትጠብቂኝ የነበረውን ይህ ሰው ቆርጦት ነበር። ምንም የለበትም አለ! አንድ ቀን ቁጭ ብሎ፣ ድምፅ እንዴት ኮምፒውተር ውስጥ እንደሚገባ አስረድቶኝ ነበር፤ ማሽኑ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ከአርባ ሺህ ጊዜ በላይ ድምፁን ይለካና ቁጥር አድርጎ ያስቀምጠዋል አለኝ። እኔም ተደንቄ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ለክቷት ሰው እየጠበቀች መሆኗን አላየም።

«የት ጣልከው?» አልኩት። ጸጉር አስተካካይ ቤት ወለል ላይ እንደሚጠረገው ጸጉር ነበር የመሰለኝ። ቢኒያም ፊቱ ቀልቶ፣ «ጋሼ፣ ረጋ ይበሉ። አልተጣለም። እዚህ ስንቆርጥ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለ ነው» አለኝ። ማውሱን ይዞ የመስመርሽን ጫፍ ያዘና ሳበው። መስመሩ ተከፈተ። የሴቶቹንም ሰንጥቆ ወደ ቦታው ገፋው። ወፈር ያለው የድምፅሽ ሥዕል ካለቀበት ቀጭን መስመር ወጣ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ጠፍጣፋ አይደለም። ትንንሽ ጸጉር የመሰለ ነገር አለው።

አስማኝ።

ትንፋሽሽ ነው። የነጠላሽ መፋተግ አለበት። እግርሽ ምንጣፉ ላይ ወዲህና ወዲያ ሲል ይሰማል፤ ወዝወዝ እያልሽ ነበር፣ ለብቻሽ፣ ያለ ከበሮ። ከሩቅ የታክሲ ጥሩምባ አለ። የኮምፕረሰር ድምፅ የለም። ኮምፕረሰሩን አጥፍቼ ታች ተቀምጬ የነበረው ያኔ ነው። አንቺ ላይ ዝም፣ እኔ ታች ዝም። ዙሩ ሞላ፤ አንዲት ምት አልጎደለም፤ ከዚያ አየር ሳብ ስታደርጊ ተሰማኝ። ትከሻሽን ሰማሁት። በእግዚአብሔር ስም እልሻለሁ፣ ትከሻሽ ከፍ ሲል ሰማሁት።

ከስንኝ ወደ ስንኝ ትንፋሽሽ እያጠረ ነው የሚሄደው። በመጨረሻው ላይ ያፉጫል። ያም ሆኖ ዙሩን አላሳጠርሽም። ቁጣዬ እዚህ ላይ አለፈ ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር። አላለፈም፤ ቦታ ነው የቀየረ። ለማን ነበር እንደዚያ ቆመሽ የምትጠብቂው? እኔ ወለሉ ሥር ነበርኩ! ትንፋሽ እንደዚህ ከተወደደብሽ ዙሩን ቆርጠሽ ቁጭ አትዪም ነበር? ማን ያይሻል? ከደረቅ ግትርነት በቀር ምን ይባላል ይኼ? ሠርጋችንም ላይ እንደዚሁ ግትር ነበርሽ።

ቢኒያም ክሊኩን ከጆሮዬ አጠፋልኝ። ሳልለምነው ነው ያጠፋው። ከበሮውን አንገቴ ላይ አነገትኩና ትንፋሽሽን እያየሁ፣ ማለቴ እየሰማሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴ መታሁት። በየዙሩ ጠበቅሽኝ። በመጨረሻው ዙር ላይ፣ ያ ፉጨት ሲመጣ፣ እጄ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረ። ቢኒያም፣ «ያችን ምት ትንሽ ወደፊት ልግፋት?» አለኝ። «አትንካት» አልኩት። አልነካትም። ጋሽ መኩሪያ ያን ጊዜ በሩን ከፍተው ገቡና፣ «ይኸውልህ! እስከዛሬ ምን ሆነህ ነበር?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ያልቅ መስሎኝ ነበር። ሚክስ ቀረ አሉኝ፤ ማን ከፍ ይበል፣ ማን ዝቅ ይበል የሚባልበት ነው። ቢኒያም ሲያስተካክል ቆየና፣ «ጋሼ፣ የእርስዎም የእሳቸውም ድምፅ ደረቅ ነው፤ ሪቨርብ ልጨምርበት» አለኝ። ሪቨርብ ማለት ድምፅ በትልቅ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ሲመለስ የሚሰጠው ነው፤ ቤቱ ሳይኖር ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። «አንድ ክፍል ውስጥ ላስቀምጣችሁ» አለኝና አንድ ነገር ተጫነ።

አስካልዬ፣ አስቀመጠን። ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ውስጥ ገባን። አንቺ ከፊቴ፣ በስተቀኝ፣ ሁሌ በምትቆሚበት ቆመሽ ነበር። ከበሮዬ ካንቺ ድምፅ ጋር ወደ አንድ ግድግዳ ሄዶ አብሮ ይመለሳል። ጋሽ መኩሪያ አማተቡ። «አብረው የቆሙ እኮ ነው የሚመስለው!» አሉ። እኔም፣ አልዋሽሽም፣ «ድገመው» አልኩት። ደገመው። ከዚያም ራሴን ታዘብኩት፤ ዓይኔን ገልጬ ወደ ቀኝ ዞሬያለሁ። ወደ ባዶ ወንበር።

«አጥፋው» አልኩ።

«ጋሼ፣ ያለ እሱ ደረቅ ይሆናል። ሰው ሥራ የማያውቅ ነው የቀዳው ይለኛል» አለ ቢኒያም። ጋሽ መኩሪያ ተቆጡ። «በቃ እንግዲህ! በሰጡህ ቁጥር አንድ ነገር ታወጣለህ!» አሉኝ። ሴቶቹን እንደወደዱ ያድርጓቸው አልኳቸው። በግትርነት የሚበልጠኝ ያለ አንቺ አላየሁም፤ እሳቸው አልበለጡኝም። ሁለታችንን ግን አብረን ባልቆምንበት አብረን የቆምን አታስመስሉን አልኩ። የጾሙን ሕግ አክብረሽ ለብቻሽ ቆመሻል፤ እኔ ደግሞ ካለፈ በኋላ ለብቻዬ ቆሜያለሁ። እንደዚያው ይሰማ። ዋጋ የከፈልንበትን ነገር በአንዲት ቁልፍ አትደብቁብን። ይህን ያህል ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ ጎማ ቤት ውስጥ ይህን ያህል የሚያናግር የለም። ቢኒያም ወደ ጋሽ መኩሪያ አየ፤ እሳቸው እጃቸውን አወራጭተው፣ «እሱ እንዳለ አድርገው፤ ሚስቱ ናት» አሉ።

እንደዚያው ወጣ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበሩ ተሰማ። ወይዘሮ ብርሃኔ አልቅሰው ሲያበቁ፣ «ደስ ይላል፤ ግን ድምፃችሁ ከሁለት ቤት የመጣ ይመስላል» አሉኝ። «ልክ ኖት እትዬ» አልኳቸው።

ከሁለት ቤት ነው የመጣነው። እኔ ጉለሌ ነኝ፤ አንቺ ቁስቋም አፈር ውስጥ ነሽ። ይህን እያወቅሁ እቆጣለሁ፤ ነገም የምቆጣ ይመስለኛል። ነገር ግን ቁጭ ከሚያደርግ ሐዘን ቁጣ ይሻላል፤ ቢያንስ አስነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ያደርሰኛል። በየቅዳሴው ካህኑ የሞቱትን ሲያስቡ ወለተ ኪዳን ብዬ በክርስትና ስምሽ እጠራሻለሁ፤ ጉልበቴ እስኪከዳኝ፣ ምላሴ እስኪታሰር አልተውም። ሰናይት ካለች እሷም ትጠራሻለች። ከእኔ ይህን ጠብቂ፤ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም።

አንድ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጠን እግዚአብሔር ነው፣ በወደደ ጊዜ። ያኔ በስተቀኝ ስዞር ትኖሪያለሽ፤ ማንም እኛን ማገጣጠም አያስፈልገውም።

ባልሽ
ተክሌ